ሲሊ ማለት

ቲቸር ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር የሚላቸው ሰው ነበሩ። ቀጥ ብለው የሚራመዱ፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገት የሚቆልፉ፣ ሰው ሲያወራ የሰዋስው ስህተት ከሰሙ ጥርሳቸውን ነክሰው የሚያልፉ ዓይነት ነበሩ። አንዲት ልጅ አለቻቸው። ሰፈሩ ሲሊ ይላታል።

ልጅቷ ስትወለድ ምጡ ሁለት ቀን ፈጅቶ፣ እትብቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነው የወጣችው። ወዲያው አላለቀሰችም። አዋላጇ ገልብጣ ጀርባዋን መታ መታ ስታደርጋት ነው ዘግየት ብላ ድምፅ ያሰማችው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ዘገየ። መዳህም፣ መቆምም። «እማዬ» ያለችው ሦስት ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ስትገባ ደግሞ ነገሩ ጭራሹን ቆመ። አንደኛ ክፍልን ሁለቴ፣ ሁለተኛ ክፍልን ሦስቴ ደገመች። የተማረችውን ማታ ታውቀዋለች፤ ጠዋት የለም። ጸንቶ የቀረላት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እናቷ እጇን ይዛ ክረምቱን ሙሉ ያስጻፈቻት የገዛ ስሟ።

«ሲሊ» የመጣው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነበር። የቲቸር የሥራ ባልደረቦች፣ ሦስት መምህራን፣ ሊጠይቋቸው መጥተው ሳሎን ተቀምጠዋል። ልጅቷ ጥግ ባለው ጠረጴዛ ላይ ደብተሯን ዘርግታ፣ አባቷ አንዲትን ፊደል አሥር ጊዜ ጻፊ ብለዋት ተደፍታለች። ከእንግዶቹ አንዱ ብድግ ብሎ አየላት። ፊደል የለም። በየመስመሩ ላይ የተከፈተ አፍ ነው የሳለችው፤ አሥር አፍ። ሰውዬው ደብተሩን አየና ቀና ብሎ ቲቸርን አያቸው።  በዓይኑ አዘነላቸው።

ያችን ሐዘኔታ ቲቸር መሸከም አቃታቸው። ሌላው ሳይቀድማቸው ራሳቸው ሳቁና፣ የልጃቸውን ራስ ዳበስ አድርገው፣ «ሲሊ ገርል» አሉ።

እንግዶቹ እፎይ ብለው ሳቁ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው ግን ልጅቷ ናት። አባቷ ለተማሪዎቻቸው ብቻ በሚሰጡት በዚያ በትልቁ ቋንቋ ሲያናግሯት የመጀመሪያው ቀን ነበር። ጣቷን ደረቷ ላይ አድርጋ «ሲሊ» አለች። «እኔ ሲሊ።»

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሚስታቸው ወጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆ እያጠበች ጠየቀቻቸው። እሷ እንግሊዝኛ አታውቅም።

«ምን ማለት ነው ያልካት?»

«ምን... ደስ የምትል፣ ተጫዋች እንደማለት ነው» አሉ ቲቸር ፎጣውን ከእጇ ተቀብለው።

«ታዲያ ያምርባታል» አለች እናት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ሲሊ ሆነች። ስሙም ከቤት ወደ አጥር፣ ከአጥር ወደ መንገድ ወጣ። እናቷ ልጅቷ አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት በካንሰር ስትሞት፣ በመጨረሻዋ ሳምንት እንኳ ደጋግማ የጠራችው ይህንኑ ስም ነው። ቲቸር አልጋው አጠገብ ቆመው ሰሟት። ያኔ ማረም ይችሉ ነበር። ግን ለሚሞት ሰው ይህን ማን ይነግራል ብለው ዝም አሉ፤ ዝምታው ደግሞ ሃያ ዓመት ቆየ።

ሲሊ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላት ዋናው መንገድ ላይ ያለ ላውንደሪ ተቀጠረች። የላውንደሪው ባለቤት የቲቸር የድሮ ተማሪ ስለነበር ይሉኝታ ይዞት ነው የቀጠራት እንጂ ትሠራለች ብሎ አልነበረም። ልብስ ተቀብላ ቁጥር ያለው ካርድ እንድታያይዝ አደረጋት፤ ቁጥሮቹን አምታታችበት። ማሽን ላይ አቆማት፤ ነጩን ከቀዩ ጋር አጥባ የአንድ ሙሽራ ሸሚዞችን ሮዝ አደረገቻቸው። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ «በቃ ኪስ ፈትሺ» አላት።

እዚህ ላይ ነው ነገር የተገለበጠው። ሲሊ ኪስ ስትፈትሽ የሚያህላት ጠፋ። የውስጥ ኪስ፣ የሰዓት ኪስ፣ ተቀዶ ወደ ገበር የዘለቀ ኪስ፣ ሁሉንም ገልብጣ፣ አራግፋ፣ ስፌቱን በጣቷ ዳብሳ ነው የምትለቀው። ያገኘችውን በትንሽ የወረቀት ከረጢት አድርጋ፣ ልብሱ ታጥቦ ሲሰቀል ኮሌታው ላይ በመርፌ ቁልፍ ታያይዘዋለች። ቁልፍ፣ መድኃኒት፣ ቀለበት፣ አንድ ጊዜ በወረቀት የተጠቀለለ የልጅ ወተት ጥርስ። የማንን ኮት እንደፈተሸች በቁጥር ሳይሆን በኪሱ ቅርጽ ነው የምታስታውሰው። አንድ ቀን ከአንድ ባለትዳር ሸሚዝ የሌላ ሴት ደብዳቤ አግኝታ እንደ ልማዷ ኮሌታው ላይ ሰካችው። ልብሱን ልትወስድ የመጣችው ሚስትየው ነበረች። የላውንደሪው ባለቤት የዚያን ቀን ራሱን ይዞ፣ «ሲሊ፣ ሁሉ ነገር እኮ አይመለስም» ቢላት፣

«የሱ ነው እኮ» አለችው።

ታሪኩ በሰፈሩ ጥርስ አላስከድን አለ። ቀስ በቀስ ደግሞ ቃሉ ራሱ ሌላ መልክ ያዘ። የተዋሰውን የሚመልስ ሰው «ሲሊ ነው» ይባል ጀመር። ሥጋ ሻጩ ሚዛኑን የሚጠራጠር ደንበኛ ሲመጣበት፣ «በሲሊ ይሁንብኝ» ብሎ ይምላል። ቲቸር ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። 

ሲሊ ሠላሳ አራት ዓመት የሆናት ጊዜ፣ ከሌላ ሰፈር የምትመላለስ አንዲት መነጽር ያደረገች ደንበኛ ጥቁር ካፖርት ልታሳጥብ ላውንደሪ መጣች። የሆነውን ቲቸር በኋላ የሰሙት እዚያው ልብስ ከምትተኩሰው ሴት፣ ከተኳሿ ነው፤ ካውያው ላይ ቆማ ሁሉንም ትሰማ ነበርና።

«ሁሌ አንቺ ናፍቀሽኝ ነው የምመጣው» አለች ሴትዮዋ። «ስምሽ ማነው?»

«ሲሊ።»

«ቅጽል ስም ነው? ማን አወጣልሽ?»

«አባቴ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር።»

የሴትዮዋ ፈገግታ ከፊቷ ላይ ወረደ። ካፖርቱን አስቀመጠች፤ ደረሰኙን ተቀበለች፤ የሲሊን እጅ ጨበጥ አድርጋ «አይዞሽ» ብላ ሄደች።

ሲሊ ብዙ ነገር ላይገባት ይችላል። «አይዞሽ» ለምን ዓይነት ሰው እንደሚባል ግን አሳምራ ታውቃለች። ለላውንደሪው ባለቤት ሄዳ «ሲሊ ምን ማለት ነው?» አለችው። ድንገት መጋዘን ውስጥ የሚፈልገው ሳሙና ትዝ አለው። መንገድ ተሻግራ ፋርማሲ ያለውን ልጅ ጠየቀች። «ኧረ እኔ እንግሊዝኛ ላይ ብዙም አይደለሁም» አለ፣ ከኋላው የተደረደረው መድኃኒት ሁሉ ስሙ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሳለ። ተመልሳ ተኳሿ ፊት ቆመች። ተኳሿ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ድሮ በዚያው በቲቸር ክፍል እስከ ስምንተኛ የተማረች ሴት ናት። ካውያውን አቆመች።

«ጅል ማለት ነው፣ የኔ ዓለም» አለቻት። «ለአንቺ ሲሆን ግን እንደዚያ ማለት አይደለም።»

ያን ቀን ልጅቷ በሰዓቷ ገባች፤ እራት አቀረበች፤ አባቷ ፊት ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ሲሊ ማለት ጅል ማለት ነው?»

ቲቸር ክው አሉ። ወደ አፋቸው ያነሱት ማንኪያ ባለበት ቀረ።

«ማን አለሽ?»

«ነው?»

«ቃል ብዙ ትርጉም አለው» አሉ።

«እሺ። ሌላውን ንገረኝ።»

 «ነገ እነግርሻለሁ» አሉ ሠላሳ አንድ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆሙት ሰው። 

«እማዬ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም።»

«እንኳን» አለችና ሳህኖቹን አነሳች።

በነጋታው ቲቸር በጠዋት ሱፋቸውን ለብሰው፣ ሁለት አውቶብስ ቀይረው፣ ወደተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሄዱ። እዚያ ሃያ ጥራዝ ያለው ትልቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አለ፤ የእያንዳንዱን ቃል ታሪክ ከነዘመኑ የሚናገር። ጥራዙን አውርደው፣ ሲሊ ያለበትን ገጽ ገልጠው ማንበብ ጀመሩ።

ከሺህ ዓመት በፊት ቃሉ የታደለ፣ የተባረከ፣ ብፁዕ ማለት ነበር። አምላክ በቸርነት ዓይኑን የጣለበት ሰው የሚጠራበት። ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ዓመት ቆይቶ ንጹሕ፣ ተንኮል የማያውቅ፣ የዋህ ሆነ። ከዚያ ደግሞ ሰዎች የዋህ ሁሉ መጨረሻው መጎዳት መሆኑን እያዩ ይመስላል፣ ምስኪን፣ አንጀት የሚበላ ወደ ማለት ዞረ፤ በግ ሲሊ ተባለ፣ የሚከላከልለት የሌለው ሁሉ ሲሊ ተባለ። ከምስኪን ወደ ደካማ፣ ከደካማ ወደ ያልተማረ፣ ካልተማረ ወደ ጅል። አምስት መቶ ዓመት ያህል ፈጀበት፤ ደረጃ በደረጃ፣ አንድ ሰው ምድር ቤት እንደሚወርድ።

ቲቸር መነጽራቸውን አወለቁ። የራሳቸው ቋንቋ ትዝ አላቸው። የዋህ የሚለው የመጽሐፍ ቃል፣ ትልቁ ምስጋና፣ ዛሬ መንገድ ላይ «አይ አንተ የዋህ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ። ግን ትልቁ የያዛቸው ነገር ደስታ ነበር። ወረቀት አወጡና በዚያ በተስተካከለ የመምህር ጽሑፋቸው ሁሉንም ከነዘመኑ ገለበጡ። 

ከአውቶብስ እንደወረዱ በቀጥታ ላውንደሪ ገቡ። ልጃቸው የአንድ ሱሪ ኪስ ገልብጣ ይዛለች። ተኳሿ እንፋሎቱን ዘጋች።

«አምጥቼልሻለሁ» አሉ ቲቸር ወረቀቱን ዘርግተው። «ስሚኝ። ብፁዕ ማለት ነው። የተባረከች ማለት ነው።» ከላይ ጀምረው እያንዳንዱን አነበቡላት። ስለ የዋህነቱ፣ ስለ በጉ፣ ዘመኑን እየጠሩ። ሲጨርሱ ላብ አጥምቋቸዋል።

ልጅቷ በጥሞና ነው የሰማቻቸው።  ከዚያ፣

«ስንት ዓመት ሆነው ያ የመጀመሪያው?» አለች።

«ሺህ ዓመት።»

«የመጨረሻውስ?»

«እሱ... እስከ ዛሬ አለ።»

«አንተ ያኔ ስትጠራኝ የቱ ላይ ነበርክ?»

 ተኳሿ በኋላ ስትናገር፣ ቲቸር የዚያን ጊዜ አንድ ቃል ብቻ ቢዋሹ ነገሩ ያልቅ ነበር ትላለች። ለመዋሸት አፋቸውን ከፍተውም ነበር። ግን ልጃቸው ዓይኗን ሳትነቅል ታያቸዋለች፤ ከሰው ኪስ ያገኘችውን ሁሉ የምትመልስ ልጅ።

«መጨረሻው ላይ» አሉ።

«እሺ» አለች። ሱሪውን አንጠልጥላ ወደ ሥራዋ ዞረች።

የዚያን ሳምንት ልብሷን በሁለት ከረጢት አድርጋ ተኳሿ ቤት ገባች። አልተጣላችም፤ አልጮኸችም። «ሁሉም ሰው እናቴ ባወጣችልኝ ስም ይጥራኝ» አለች፣ በቃ። ሰፈሩ ለመልመድ ተቸገረ። እየጀመሩ አፋቸውን ይይዛሉ፤ ይቅርታ ይላሉ። ሥጋ ሻጩ የሚምልበት ጠፍቶት ሰነበተ። ቃሉ ከመንገዱ ላይ ሲነሳ፣ ከእሷ ወዲህ የያዘው ያ ደህናው ትርጉሙም አብሮ ተነሳ፤ ማንም በሌላ አልተካውም።

ቲቸር ብቻቸውን ቀሩ። ጠዋት ጠዋት ሲላጩ መስታወት ፊት ቆመው የልጃቸውን ስም ይለማመዱታል። ምላሳቸው ላይ እንግዳ ሆኖባቸዋል፤ የሌላ ሰው ልጅ ስም ይመስላቸዋል። ራሳቸው ማጠብ የሚችሉትን ሸሚዝ ለላውንደሪ ይወስዳሉ። እሷ ትቀበላቸዋለች፣ «ደህና ነህ አባዬ?» ትላቸዋለች፣ ትፈትሻለች። ከዚያ በላይ የለም።

አንድ ቀን ስሟን በትንሽ ወረቀት ላይ ጻፉና የሸሚዛቸው የደረት ኪስ ውስጥ ተዉት። ማንበብ የምትችለው ቃል እሱ ብቻ ነው። ሸሚዙ ታጥቦ ሲመለስ ወረቀቷ በከረጢት ሆና ኮሌታው ላይ ተሰክታለች። በሚቀጥለው ሳምንትም ጻፉ፤ ተመለሰች። እንዲህ እያሉ ሰባት ሳምንት። የቤታቸው መሳቢያ በልጃቸው ስም ተሞላ። በስምንተኛው ሳምንት ሸሚዙን ሲረከቡ ኮሌታው ላይ ምንም የለም። ኪሱን ዳበሱ፤ ባዶ ነው። ወደ ተኳሿ ዞር አሉ።

«ወረቀቷ የት ሄደች?»

ተኳሿ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልትሰካት ይዛት ቆመች። ኋላ ‹ይሄ የሱ አይደለም፣ የኔ ነው› ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።»

ቲቸር መንገዱን እንዴት እንደጨረሱት አያውቁትም። እሁድ ሄደው ወደ ቤት እንድትመለስ ሊለምኗት ቆረጡ። ክፍሏን ጠረጉ፣ አንሶላ ቀየሩ። ቅዳሜ ጠዋት ግን መስታወቱ ፊት ቆመው ስሟን እንደጀመሩ ግማሽ ፊታቸው ወደ ታች ሲንሸራተት አዩ። ምላጩ ከእጃቸው ወደቀ። ጎረቤት ነው ወድቀው ያገኛቸው። ሆስፒታል ሲደርሱ ስትሮክ ነው ተባለ።

ልጅቷ የላውንደሪ ሽርጧን እንደለበሰች መጣች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ በድን የሆነውን ቀኝ እጃቸውን አነሳችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ቲቸር አዩዋት። ስሟ ጥርት ብሎ ጭንቅላታቸው ውስጥ አለ፤ እንደጻፉት፣ በዚያው ወረቀት ላይ። እንደ ምንም አፋቸውን ከፈቱ።

«ሲሊ» አሉ።

ራሳቸው ደነገጡ። እንደገና ሞከሩ። «ሲሊ። ሲ... ሲሊ።» ሌላ ምንም የለም። የልጃቸው ፊት ሲለወጥ አዩ። በደህናው ግራ እጃቸው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ወዲያ ለዘጠኝ ቀን ቃል አልተነፈሱም፤ ውሃ እንኳ ሲፈልጉ በዓይናቸው ነው። ነርሶቹ ጨርሶ ዲዳ የሆኑ መሰላቸው።

በአሥረኛው ቀን አንዲት የንግግር ሐኪም መጥታ መረመረቻቸውና ለልጅቷ አስረዳቻት። ይህ በሽታ ቃላትን ይደባልቃል፤ ሰው የሚፈልገውን ትቶ ምላሱ ለብዙ ዓመት የለመደውን ነው የሚያወጣው፤ በእሱ ፈቃድ አይደለም አለቻት። ልጅቷ አንድ ጊዜ እንድትደግምላት ጠየቀች። ደገመችላት። ሐኪሟ ስትወጣ ወንበሯን ወደ አልጋው ሳበች።

«አባዬ፣ የቱን ልትል እንደፈለግህ አውቃለሁ» አለች። «አልተቀየምኩህም። ግን በዚያ ስትጠራኝ አቤት አልልህም። ስሜን እስክትል ቁጭ ብዬ እጠብቅሃለሁ።»

የቲቸር ዓይን እንባ ሞላ። በደህናው እጃቸው ሊጠርጉት ሞከሩ፤ እሷ ቀድማቸው በሽርጧ ጠረገችላቸው።

ወደ ቤታቸው ወሰደቻቸው፤ እሷም አብራ ገባች። ጠዋት ገላቸውን ታጥባለች፣ ትመግባለች፣ ከዚያ ሥራ ከመሄዷ በፊት ግማሽ ሰዓት ትምህርት አለ። ፊት ለፊት ትቀመጥና የስሟን የመጀመሪያ ፊደል አፏን በሰፊው ከፍታ ታሳያቸዋለች። እሳቸው ይሞክራሉ። ያ የተጣበቀው ቃል ይወጣል። እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ደግመው ይሞክራሉ። አትቆጣም፣ አትቸኩልም፣ አትስቅም። ቲቸር ስንት ሺህ ተማሪ አስተምረዋል፤ እንዲህ ያለ መምህር ግን አይተው አያውቁም። ራሳቸውን ጨምሮ።

ሦስት ወር አለፈ። ተኳሿ አልፎ አልፎ እየመጣች፣ ሆስፒታል አብራቸው ስትሄድ ሐኪሟ ከዚህ በላይ ብዙም መሻሻል አይጠበቅም እንዳለቻት በር ላይ በሹክሹክታ ትነግራታለች። ቲቸር ጆሯቸው ደህና ነው፤ ይሰማሉ። ልጅቷ «እሺ» ትላለች፤ ትምህርቱ ግን አልቀረም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ከስንት ሙከራ በኋላ፣ ከቲቸር ጉሮሮ አንድ ድምፅ ወጣ። ጎደሎ ነው፣ ሻካራ ነው፣ ግን የዚያ የለመደው ቃል መጀመሪያ አልነበረም። የስሟ የመጀመሪያ ፊደል ነበር። ልጅቷ ወንበሯን አስጠጋች። ቀጣዩን ፊደል ለማውጣት ታገሉ፣ የአንገታቸው ሥር ተገታተረ፤ እምቢ አለ።

«ለዛሬ ይበቃል» አለች። ትራሳቸውን አስተካከለች፣ ውሃውን ግራ እጃቸው በሚደርስበት አስቀመጠች፣ መስኮቱን ከፈተችላቸው። ረፍዶባታል። ጫማዋን ቆማ አጠለቀችና በሩን ዘግታ ወጣች።

ቲቸር የእርምጃዋን ድምፅ እስከ መንገዱ ድረስ በጆሯቸው ሸኟት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ያችን አንድ ፊደል ደግመው ሊሏት ሞከሩ። አልወጣችም። ትንሽ ዐረፍ ብለው እንደገና ሞከሩ።